ከተቀላቀሉ ሰርፋክታንቶች ሰማያዊ ናኖቅንጣቶችን እንዴት እንደሠራሁ

ዓላማዬ ግድግዳቸው በፖሊመር (ተያይዘው ረጅም ሰንሰለት በሆኑ ሞለኪውሎች) የተሳሰረ ናኖቅንጣቶችን በውኃ ውስጥ መሥራት ነበር። ለዚህም ሁለት ሰርፋክታንቶችን፣ ማለትም አንደኛው ጫፋቸው ውኃ የሚወድ ሌላው ውኃ የሚሸሽ ሞለኪውሎችን ተጠቀምኩ፦ ሁለት ባለሦስት እጥፍ ትስስሮች ያሉትን ፔንታኮሳዳይይኖይክ አሲድ ዲኤምፒሲ ከተባለው ፎስፎሊፒድ ጋር በሞል (በሞለኪውሎች ብዛት) 9 ለ 1 ቀላቀልኩ። ፖሊመር የሚሆነው አሲዱ ብቻ ነው፤ ፎስፎሊፒዱ በመካከሉ ተሰግስጎ ይቀራል።

የአሲዱ ነጭ ዱቄት ብርሃን ካገኘው ገና ጠርሙሱ ውስጥ ሳለ ሰማያዊ ይሆናል። የእኔም ዳር ዳሩ ተለውጦ ስላገኘሁት በክሎሮፎርም አሟሙቼ አጣራሁት፤ የማይሟሟው ፖሊመር ማጣሪያው ላይ ቀረ። ክሎሮፎርሙን አትንኜ በፍላስኩ ግድግዳ ላይ በቀረው ስስ ሽፋን ላይ ውኃ ጨመርኩና፣ አሲዱ ከሚቀልጥበት 63 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በላይ እንዲሆን ወደ 80 አሙቄ፣ ድፍርሱ እስኪጠራ በድምፅ ሞገድ በሚያናውጥ መሣሪያ (በሶኒኬተር) በታተንኩት።

ትዕግሥት ያጣሁት እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ናሙና ገና ትኩስ ሳለ 254 ናኖሜትር በሚያመነጭ የአልትራቫዮሌት መብራት ሥር አስቀመጥኩት፤ ብጠብቅ ብጠብቅ ቀለም የሚባል አልያዘም። መብራቱ ተበላሽቷል ብዬ እስከ መጠርጠር ደረስኩ፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። ጨረሩ ሞለኪውሎቹን ወደ ሰማያዊው ፖሊመር የሚያያይዝበት አጸግብሮት የሚካሄደው ሞለኪውሎቹ ጎን ለጎን ተደርድረው ትስስሮቻቸው በተገቢው ርቀት ሲገጣጠሙ ብቻ ስለሆነ፣ በሙቀት የሚወዛወዙ ሰንሰለቶች ላይ ጨረሩ ቢወርድም የሚያያይዘው አያገኝም። ሁለተኛውን ናሙና በ4 ዲግሪ አሳደርኩት፤ በማግሥቱ በዚያው በጠረጠርኩት መብራት ሥር በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ የቀለም ብልቃጥ የተደፋበት ይመስል ሰማያዊ ሆነ። ሌላውን ከመጠን በላይ ሳቆየው ወደ ሐምራዊ ሄደ።

የብርሃን ምጥጠቱ ከፍተኛ ነጥብ 640 ናኖሜትር አካባቢ ነበር፤ ናሙናውን ሳሞቀው ቀይ ሆኖ ነጥቡ ወደ 540 ወረደ፣ ቢቀዘቅዝም አልተመለሰም።

ይበልጥ ያስቸገረኝ የመጠን ልኬቱ ነው። በብርሃን ብተና ስለካ አማካዩ ከሚጠበቀው እጅግ የበለጠው፣ ትናንሽ ቅንጣቶች የሚበትኑት ብርሃን ከዲያሜትራቸው ስድስተኛ ርቢ ጋር ስለሚያድግ ነው፤ ዲያሜትሩ እጥፍ የሆነ ቅንጣት 64 እጥፍ ይበትናል፣ ስለዚህ ጥቂት አቧራ ወይም ያልተበታተነ ስብርባሪ ብዙኃኑን ይሸፍናል። ማጣራቱ ይህን አስተካከለው። ያላስተዋልኩት ሌላው ነገር የመሣሪያው ሌዘር 633 ናኖሜትር መሆኑን ነው፤ ሰማያዊው ናሙና ሊበትነው የሚገባውን ብርሃን ራሱ ይመጥጠዋል። ከዚያ ወዲህ መጠኑን ከጨረሩ በፊት፣ ናሙናው ቀለም አልባ ሳለ እለካለሁ፤ ከጨረሩ በኋላ ደግሞ በጣም አቅጥኜ እደግመዋለሁ።