ልትወርዱበት ያሰባችሁትን ኩሎዋር መጀመሪያ ውጡት

የኩሎዋር ቪዲዮ ሳታዩ አትቀሩም። ግራና ቀኝ ቋጥኝ፣ መሃል ላይ ቁልቁል የሚምዘገዘግ ጠባብ የበረዶ መንገድ፣ በዚያ ውስጥ እግር ላይ በሚታሰር የበረዶ መንሸራተቻ፣ በስኪ፣ እየዘለለ የሚወርድ ሰው። ቪዲዮው ሁልጊዜ ከጫፉ ነው የሚጀምረው። እኔ ግን ከዚያ በፊት ያለውን፣ ሽቅብ የሚወጣበትን ሰዓት ነው አብዝቼ የምወደው።

አቋሜ ግልጽ ነው፤ በዚያው ቀን በእግራችሁ ያልወጣችሁትን ኩሎዋር በስኪ ባትወርዱት ይሻላል። በሌላ በኩል ዞሮ ጫፉ ላይ መድረስ ይቻላል፣ አውቃለሁ። ግን ከላይ ሆኖ የሚታየው የመጀመሪያው ቁራጭ ብቻ ነው። ከስር ምን እንዳለ የሚታወቀው እዚያው ሲደርሱ ነው፣ ያኔ ደግሞ ሐሳብ መቀየር ከባድ ነው።

ከታች ስትነሱ በረዶውን እግራችሁ ያነበዋል። ስኪው ቦርሳ ላይ ታስሯል፣ ቡቱ ስር ክራምፖን የሚባለው ባለ ጥርስ ብረት አለ፣ በአንድ እጅ የበረዶ መጥረቢያ ይዛችኋል። በቡቱ አፍንጫ እየመታችሁ ደረጃ ትሠራላችሁ። እስከ ቁርጭምጭሚት ሲያስገባ የነበረው በረዶ ድንገት እስከ ጉልበት ይውጣችኋል፤ ነፋስ እዚያ ጋ ከምሮበታል ማለት ነው። ትንሽ ከፍ ስትሉ ደግሞ ቡቱ አልገባም ይላል፣ የክራምፖኑ ጥርስ ብቻ ነው የሚነክሰው። ያቺን ቦታ በደንብ ያዙልኝ፤ ስትወርዱ የስኪው ጠርዝ እዚያ ላይ ካልያዘ ማቆሚያ የለም። ስትረግጡት እንደ ከበሮ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ወይም ከእግራችሁ ስር ስንጥቅ ከሮጠ ግን ነገሩ አበቃ፣ የመጣችሁበትን ደረጃ ይዛችሁ መመለስ ነው።

ናዳ የሚፈጥር የበረዶ ንጣፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚላቀቀው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ተዳፋት ላይ ነው። ብዙ ኩሎዋር ደግሞ እዚያው ውስጥ ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ሰፊ ተዳፋት ላይ ብዙም የማያስፈራ ትንሽ ናዳ እዚህ ሰውን ከቋጥኝ ጋር ያላትማል፣ ወደ ጎን ማምለጫ የለማ። ከቦርሳ ወጥቶ በአየር የሚነፋው ኤርባግ በረዶው ላይ ለመንሳፈፍ ይረዳል፣ ከድንጋይ ግን አያድንም። በበረዶ የተቀበረን ሰው በሬዲዮ ምልክት መፈለጊያ መሣሪያ፣ በረዶ መውጊያ ዘንግና አካፋ ሁሉም ሰው ይያዝ፤ የተቀበረ ሰው ያለው ጊዜ በደቂቃ ነው የሚቆጠረው።

«ስትወጡ እኮ ከሚወድቅ ነገር ስር ረጅም ሰዓት ትቆያላችሁ» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ትልቁ መከራከሪያም እሱ ነው። ለዚህ ነው በጨለማ የሚነሳው፤ ፀሐይ ግድግዳውን ሳታሞቅ፣ ድንጋዩና ጫፍ ላይ የተንጠለጠለው በረዶ ሳይላቀቅ ጨርሶ ለመውጣት። ፀሐይ ከቀደመቻችሁ ለሌላ ቀን ይቆይ።

ስዊዛዊው ስኪ ተንሸራታች ሲልቫን ሶዳን በ1967 ፈረንሳይ ውስጥ ሻሞኒ ላይ ስፔንሰር ኩሎዋርን በስኪ ሲወርድ ቦታው የተራራ ወጪዎች መንገድ ነበር። መጥረቢያና ገመድ ይዘው የሚወጡበት፣ ወደ 50 ዲግሪ የሚጠጋ ግድግዳ። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው የስኪው ጥበብ ከመውጣት ጥበብ ላይ የበቀለ መሆኑን ስለሚያሳይ ነው።

አወራረዱ ራሱ ቀልድ አይደለም። የስኪ ዱላውን ከታች በኩል ትተክላላችሁ፣ ሁለቱን ስኪ አንስታችሁ በአየር ላይ ታዞራላችሁ፣ በጠርዝ ታርፋላችሁ፣ ትቆማላችሁ። ሙሉ በሙሉ ቆማችሁ ነው ቀጣዩን የምታስቡት። ለመዞር የማይበቃ ጠባብ ቦታ ሲመጣ መዞር ይቅር፣ በጎን ተንሸራተቱ። ልሉ በረዶ ከኋላችሁ እየተከተለ ይፈሳል፤ ጥቂት ከዞራችሁ በኋላ ወደ ቋጥኙ ጥግ ተጠግታችሁ አሳልፉት። የትኛው ጥግ እንደሚያስጠልል ስትወጡ አይታችሁታል።

አንድ በአንድ ነው የሚወረደው። ቀድሞ የወረደው ኩሎዋሩ አፍ ላይ ቆሞ ፎቶ አያንሳ፤ ላይ የተላቀቀ ሁሉ የሚዘረገፈው እዚያ ነው። ርቆ ወደ ጎን ይውጣ፣ ከናዳው መንገድ መራቁን ያረጋግጥ፣ ከዚያ በሬዲዮ «በል ና» ይበለው፣ ጓደኛው ወርዶ እስኪጨርስም ዓይኑን ከላይ አይንቀል።