ድምፅ ለሌለው ቦታ ሙዚቃ ስጽፍ

ከብሎኑ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2009 ማይክ ማሲሚኖ የተባለ ጠፈርተኛ ሀብል ቴሌስኮፕ ውስጥ የተበላሸ መሣሪያ ሊጠግን ከመንኮራኩሩ ወጣ። የመሣሪያው ክዳን ላይ ብቻ 111 ትንንሽ ብሎኖች ነበሩ። ከነሱ በፊት ግን አንድ እጀታ መነሳት ነበረበት። የእጀታው አንድ ብሎን ጭንቅላቱ ተበላና መፍቻው በባዶ ይዞር ጀመር። ለዚያች ቀን ሲሠለጥን የከረመው ሰው በመጨረሻ እጀታውን በክንዱ ጉልበት ገነጠለው።

የዚህን ትዕይንት ሙዚቃ እንድጽፍ ተጠየቅኩ። ፊልሙ ናሳ በነፃ የሚለቃቸውን ምስሎች ይዞ በጥቂት ሰዎች የተሠራ፣ ለግዙፍ ስክሪን የታሰበ የ22 ደቂቃ ዘጋቢ ፊልም ነው። ከዚያ በፊት ለዘፋኞች ሳቀናብር ነው የኖርኩት። ለኦርኬስትራ ይህን ያህል ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነበር።

ረቂቄ ሙሉ ጉልበት ነበር። ትሮምቦን የሚባሉት ወፍራም ድምፅ ያላቸው መለከቶች፣ ቲምፓኒ የሚባለው ትልቅ ከበሮ፣ የሚሮጡ ቫዮሊኖች። ቤቴ ባሉት ሁለት ስፒከሮች ስሰማው ፀጉሬ ቆመ። ከዚያ አዳራሽ ወስደን ከእውነተኛው ስክሪን ጋር አጫወትነው። ድምፁ ሁሉ ተድበስብሶ አንድ ሆነ።

ምክንያቱን ለማወቅ ቀናት ፈጀብኝ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ነው የሚጓዘው። 25 ሜትር ወደኋላ የተቀመጠ ሰው ጋ ለመድረስ 7 መቶኛ ሰከንድ ይወስድበታል። ከግድግዳ ተመላሹ ደግሞ ከዚያም ዘግይቶ ይመጣል። ኖታው ሲፈጥን፣ ያለፈው ሳይጠፋ የሚቀጥለው ይደርስበታል። ወፍራሙ ድምፅ ደግሞ ይብሳል። የእነዚህ አዳራሾች ስፒከሮች ወንበር እስኪነቀነቅ ድረስ ያወጡታል፤ እኔ ደግሞ ኮንትራባሱን (ከቫዮሊን ቤተሰብ ትልቁንና ወፍራሙን)፣ ትሮምቦኑንና ቲምፓኒውን እዚያው ወፍራም ድምፅ ላይ አጭቄያቸው ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን ሰውዬው መጥፋቱ ነው። ስክሪኑ ራሱ ሁሉን ነገር አግዝፎታል። እኔ በላዩ ላይ ሳገዝፍ፣ አንዲት ብሎን እምቢ ያለችው ሰው የት እንዳለ እንኳ አይታወቅም። የጠፈር ፊልም ትልቅ ሙዚቃ ይፈልጋል የሚለውን እምነቴን ያን ቀን ተውኩት።

እንደገና የጀመርኩት ከትረካው ነው። ንግግር ቃሉ ተለይቶ እንዲሰማን በብዙ የሚረዳው ከ2000 እስከ 4000 ኸርዝ (በሰከንድ የሚርገበገብበት ብዛት) አካባቢ ያለው ድምፅ ነው። መለከትና ከፍ ያለ ቫዮሊንም እዚያው ነው የሚበረቱት። ስለዚህ ተራኪዋ ስትናገር ከቫዮሊን ወፈር የሚሉትን ቼሎና ቪዮላን ዝቅ አድርጌ፣ ፍሬንች ሆርን የሚባለውን ጥምዝ መለከት ደግሞ በለሆሳስ ብቻ አስቀረሁ። የትረካውን ቅጂ ተቀብዬ ትንፋሽ የምትወስድበትን ቦታ ሁሉ ኖታው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረግኩ። ቫዮሊኖቹ የሚገቡት እዚያ ነው። ትረካው ገና ካልተቀረፀ፣ ጽሑፉን ራሳችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡና በስልክ ቅረፁት። በሱ ላይ ጻፉ። ይህን ከመጀመሪያው ባደርገው ኖሮ ሁለት ወር አተርፍ ነበር።

ምድር ከታች ቀስ ብላ የምታልፍበት ረጅም ትዕይንትም አለ። ለሚንሳፈፍ ሰው ምን ዓይነት ዜማ ይስማማዋል እያልኩ ብዙ ሞከርኩ። መልሱን ያገኘሁት ድሮ ከማውቀው ነገር ነው፤ ከትዝታ ሜጀር ቅኝት። በአምስቱ ድምፆች መካከል የግማሽ ድምፅ ርቀት፣ ማለትም ፒያኖ ላይ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ቁልፎች መካከል ያለው ትንሹ ርቀት፣ የለም። ጆሮን ወደ መነሻው የሚጎትተው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያ ግማሽ ድምፅ ነው። እሱ ሲጠፋ ዜማው የሚያርፍበትን አይቸኩልም። አምባሰልን ሞክሬ አልሆነም፤ ግማሽ ድምፆቹ ይጎትታሉ። መሰንቆም ክራርም አላስገባሁም፤ ትዕይንቱ አልጠየቃቸውም። ግን አንዲት ጓደኛዬ ቅጂውን ሰምታ "ቆይ፣ ይሄ ትዝታ አይደል እንዴ?" ስትለኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

በቀረፃው ቀን 24 ተጫዋቾች ነበሩን። ፍሬንች ሆርን ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው በአምስተኛ ዝቅ ያለውን ድምፅ ነው የሚያሰማው፤ ዶ ተጽፎ ከሱ በታች ያለው ፋ ይሰማል። እኔ ያተምኩላቸው ወረቀት ይህን ሳላስተካክል የወጣ ነበር። 40 ደቂቃ ሄደ፤ ክፍያው ደግሞ በሰዓት ነው። የየተጫዋቹን ወረቀት ከሌላ ሙዚቀኛ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንድ በአንድ እዩት።

ወደ ብሎኑ ልመለስ። ትሮምቦኑንም ቲምፓኒውንም አወጣኋቸው። የቀረው የጠፈርተኛው ትንፋሽ፣ የሬዲዮው ንግግርና አንድ ቼሎ ነው። ቼሎው አንዲት ኖታ ይዞ ይቆያል፤ ቀስቱ አቅጣጫ ሲቀይር እንኳ ይሰማል። እጀታው ሲገነጠል ምንም አላስመታሁም። ቼሎው ይቆማል፤ ከዚያ 6 ሰከንድ ዝምታ። ዳይሬክተሩ አልተስማማም ነበር። "ሰው ድምፁ የተበላሸ ይመስለዋል" አለኝ። አንድ ጊዜ ብቻ አዳራሹ ውስጥ እንየው ብዬ ለመንኩት። አየነው። መብራቱ ሲበራ "አትንካው" አለ።

አሁንም በሰማሁት ቁጥር የሚቆጨኝ ቦታ አለ። ፀሐይ ከምድር ጠርዝ ስትወጣ መለከቱ በ2 ሰከንድ ይቀድማታል። በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ብንል፣ 48 ፍሬም ማለት ነው። ብርሃኗ ቀድሞ መታየት ነበረበት።