የሱብሒ አዛን በከሰዓት፣ ከበሮ በሁዳዴ

ድራማ ለመቅረጽ ሱሉልታ ወይም ለገጣፎ ቪላ የሚከራይ ቡድን የመኪና ጩኸት ሽሽት ነው የሚወጣው። እዚያ ደርሶ የሚያገኘው ሌላ ድምፅ ነው፤ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ። የድምፅ ባለሙያው እጁን ያነሳል፣ ተዋናዩ ባለበት ይቆማል፣ አዛኑ እስኪያልቅ ይጠበቃል። ሰፈሩ ውስጥ ያለው ሃይማኖት በዚህ መንገድ ከድራማው ይጸዳና ኤዲቲንግ ላይ ከኢንተርኔት በወረደ ፋይል ተመልሶ ይገባል። ጣጣው የሚመጣው ያኔ ነው።

የወረደው የሱብሒ፣ ማለትም የንጋቱ ሶላት አዛን ከሆነ ውስጡ በሌሎቹ አራት የሶላት ሰዓታት የማይባል ሐረግ አለ፤ «አስ-ሶላቱ ኸይሩን ሚነን-ነውም»፣ ሶላት ከእንቅልፍ ትበልጣለች። ከ«ሐይየ ዐለል ፈላሕ» ቀጥሎ ሁለቴ ይባላል። ይህ ድምፅ ከምሳ በኋላ ቡና እየተጠጣ ሲሰማ፣ ሙስሊም ተመልካች ደራሲው ጎረቤቱን አንድ ቀን እንኳ አድምጦ እንደማያውቅ ይገባዋል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ጸጥታ ሲጠበቅ መቅረጫውን አለማጥፋት፣ የዙሁሩን (የቀትሩን) ለዙሁር፣ የመግሪቡን (የጀምበር መጥለቂያውን) ለመግሪብ ቀድቶ ማስቀመጥ።

በቅዳሴውም በኩል ያው ነው። ሽሮና ጎመን ቀርቦ «ሁዳዴ አይደል?» ይባላል፣ ከጀርባ ከበሮና ጸናጽል ይመታል። በዐቢይ ጾም ሁለቱም ያርፋሉ፤ የጾሙ ዜማ፣ ጾመ ድጓው፣ በመቋሚያ ነው የሚዘመመው። የአዘቦት ቀኑ ቅዳሴም ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጠዋት የሚሰማው ኪዳን የሚባለው ጸሎት ነው። ስለዚህ ጀምበር ስትወጣ ቅዳሴ የሚሰማበት የሁዳዴ ማክሰኞ ሲታይ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ ልጅ ሳይቀር ይስቃል።

ሰጋጅን ማስቀመጥ ደግሞ የካሜራማን ፈተና ነው። መስኮቱ ያለበት ብርሃን ያምራልና ሰውየውን ወደ ፀሐይ መውጫ ያዞረዋል። ከአዲስ አበባ ቂብላው፣ ሙስሊም ሲሰግድ የሚዞርበት የመካ አቅጣጫ፣ ሰሜን ነው፣ ወደ ምሥራቅ 5 ዲግሪ ያህል ብቻ ዘንበል ያለ። አቃቂና ቃሊቲ የሚቀርጽ ሰው እንጦጦን እያየ ምንጣፉን ቢዘረጋ ብዙ አይስትም። ሱሉልታ ላይ ግን እንጦጦ በደቡብ ነው፤ እሱን ምልክት ያደረገ ሰጋጁን ጀርባውን ለመካ ሰጥቶ ያቆመዋል። ለጠዋት ብርሃን የሚጓጓ ካሜራማን ኦርቶዶክስ ገጸ ባሕርይ ይጸልይለት፤ የእነሱ አቅጣጫ ምሥራቅ ነው።

የአልባሳት ሻንጣውን እንክፈተው። አንድ ነጭ ጥምጥም፣ አንድ የእጅ መስቀል፣ አንድ ጭራ፤ በቃ ቄስ ወጣ። ያገባ ካህን ጥምጥም፣ መነኩሴ ቆብ እንደሚያደርግ የሚጠይቅ የለም። ክፍል ሦስት ላይ «አባ» የተባለው ባለ ቆብ መነኩሴ፣ ክፍል ስድስት ላይ ሚስቱ ቡና ታቀርብለታለች። ካህን ከመቀሰሱ በፊት ያገባል እንጂ መንኩሶ አያገባም። ዲያቆን መስቀል ሲያሳልም ማሳየትም ያው ስሕተት ነው።

ከሁሉም የሚያበሳጨው ደብተራው ነው። በድራማ ዓለም ደብተራ ጨለማ ክፍል፣ ብራና፣ የዶሮ ደም ነው፤ መተት ከማድረግ ሌላ ሥራ የለውም። ማሕሌት የሚቆመው፣ ዜማውን የሚመራው፣ ዓመታት ፈጅቶ ቅኔ የተማረው ማን ሆነና? መተተኛ ደብተራ የለም ማለት አይደለም። ነገር ግን ደራሲ ሴራው ሲጠፋበት ሁሌ እሱን ከጠራ፣ ተመልካቹ ከሁለተኛው ማስታወቂያ በፊት መጨረሻውን ያውቃል። ሼኹም በሌላ በኩል ተረት ከመናገር በቀር አፉን አይከፍትም፤ የኪራይ ዕዳ ያለበት፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚነጫነጭ ሼኽ አይታይም።

ጴንጤው ሱፍ ለብሶ በየዐረፍተ ነገሩ «ጌታ ይባርክህ» ይላል። መካነ ኢየሱስ ሉተራዊት ናት፣ ሙሉ ወንጌል ጴንጤቆስጤ፤ ሥርዓታቸው ይለያያል፣ ድራማ ላይ ግን አንድ ጩኸት ሆነው ይወጣሉ። በ1999ኙ ቆጠራ በአገሪቱ ከመቶ 18 በላይ የሆነውን ሰው በአንድ ቀልድ መጨረስ ይከብዳል።

ሠርግ ሲቀረጽ ደግሞ ፍቅራችንን ለማሳየት ተብሎ ሙስሊሟ ጎረቤት ከክርስቲያኑ ዶሮ ወጥ ትጎርሳለች። ሠርግ ደግሶ የሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ይህን አይቀበልም። ለሙስሊም እንግዶች ሙስሊም ያርዳል፣ ለብቻው ይሠራል፣ ለብቻው ይቀርባል፤ የሚያስተናግደውም ጎረቤት ተመርጦ ነው። ለቀረጻው የሚጨመረው ወጪ አንድ ድስትና አንድ ጭልፋ ነው። ፍቅሩ ክርስቲያኗ ባለቤት ሁለት ቀን ቀድማ «ማን ይረድልን?» ብላ የጎረቤቷን በር ስታንኳኳ ይታያል፤ ያ ትዕይንት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጭልፋው ከአንዱ ድስት ወጥቶ ሌላው ውስጥ ከገባ ግን እንደገና ይቀረጽ።