ኮሎው ላይ የተበሱት ጉድጓዶች

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ በሚገኘው ጋራዣችን የአንድ ሚኒባስ ሞተር አውርደን ኮሎውን፣ ማለትም የፒስቶኖቹን መመላለስ ወደ ዙር የሚቀይረውን ዘንግ፣ አጥበን ጠረጴዛ ላይ ስናሳርፈው፣ ሥራ ከጀመረ ገና ሦስት ወር የሆነው ልጅ ማካካሻ ክብደቶቹ (የኮሎውን ሚዛን የሚጠብቁት ወፍራም ብረቶች) ላይ ያሉትን ጉድጓዶች በጣቱ እየዳሰሰ «ጋሼ፣ ይህን ማን በሳው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥልቀታቸው ስለሚለያይ አንድ ሰው ተሳስቶ የበሳው መስሎት ነበር። ጥያቄው በጣም ስላስደሰተኝ መልሱን እዚህ ዘርዘር አድርጌ እጽፈዋለሁ።

ኮሎ ተቀጥቅጦም ይሠራ ቀልጦ ፈስሶ፣ ተቆርጦና ተሞርዶ ሲያልቅ ክብደቱ በመዞሪያው መስመር ዙሪያ ፍጹም እኩል ሆኖ አይገኝም። ስለዚህ ፋብሪካው በማመዛዘኛ ማሽን ላይ አስተኝቶ ያሽከረክረዋል፤ ሁለቱ መደገፊያዎች ላይ ያሉት መለኪያዎችም ንዝረቱን ተቀብለው ትርፉ ክብደት በየትኛው ማዕዘን፣ በምን ያህል መጠን እንዳለ ያሳያሉ። ከዚያም ትራፓኖው በዚያው ቦታ ልክ የሚበቃውን ብረት ያወጣና ኮሎው እንደገና ተሽከርክሮ ይፈተሻል። የግድ መሽከርከር ያለበት፣ አንዱ ጫፍ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች የከበደ ኮሎ ቆሞ ሲመዘን ልክ መስሎ ስለሚያታልል ነው።

ጥቂት ግራም ይህን ያህል ድካም ይገባዋል ወይ ለሚል ሰው ስሌቱ ቀላል ነው። ከመሐል 5 ሴንቲ ሜትር የራቀ 10 ግራም ትርፍ በደቂቃ 3000 ዙር ሲዞር በ5 ኪሎ ግራም ያህል ጉልበት ይጎትታል፤ ዙሩ 6000 ሲሆን ግን ጉልበቱ አራት እጥፍ አድጎ 20 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ይህን ሁሉ የምትሸከመው ኮሎው የሚዞርባት ስስ ማቀፊያ፣ ብሮንዚናዋ ናት።

ፒስቶኖችና እነሱን ከኮሎው ጋር የሚያገናኙት ክንዶች፣ ቢዬላዎችም፣ ተመዝነው በክብደት መደብ ይለያሉ፣ ኮሎው ጫፍ ላይ የሚታሰረው ከባድ ጎማ መሰል ብረት፣ ቮላኖውም፣ ለብቻው ይስተካከላል። በአንድ ረድፍ የቆመ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ይህ ሁሉ ተደርጎለትም ከኮሎው በእጥፍ ፍጥነት የሚመላለስ ንዝረት ይቀርበታል፤ ሚትሱቢሺ በ1975 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለአንዳንድ ሞተሮቹ ሁለት ማመዛዘኛ ዘንጎች የጨመረው እሱን ለማጥፋት ነበር።

ከዓመታት በፊት እኔው ራሴ የተጣመመ ቢዬላ ከሌላ ሞተር በወጣ ቢዬላ ሳልመዝን ተካሁ። ባለመኪናው የደሴን ዳገት ወጥተው ሲመለሱ መሪው እጃቸውን እንዳደነዘዘው ነገሩኝ። ፊቴ ሲለዋወጥ አይተው «አብሽር፣ ፍታውና እየው» አሉኝ። ከጎረቤት ቅመም ሻጭ ሚዛን ተውሼ ስመዝነው ከሦስቱ በ18 ግራም በልጦ ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ ጋራዣችን የራሱ ሚዛን አለው። ልጁ ትናንት አራቱን ቢዬላዎች በተራ መዝኖ፣ የእያንዳንዳቸውን ግራም ጠረጴዛው ላይ በጠመኔ ጽፎ ጠበቀኝ።