ድምፅ አፋኝ ኢርበድ ስትገዙ ጎማውን አትናቁ

ድምፅ የሚያፍን ገመድ አልባ ኢርበድ (ጆሮ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ማዳመጫ) የገዛ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፦ «አጠገቤ ሰው ሲያወራ አሁንም ይሰማኛል፤ ዕቃው ተበላሽቶ ይሆን?» አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም። ሻጩ ጸጥታ እሸጣለሁ ስላለ ነው እንጂ፣ ኤኤንሲ (ANC) የሚባለው ይህ ድምፅ የማፈን ሥራ ከመጀመሪያውም የሚበረታበትና የሚደክምበት ድምፅ አለው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ከኢርበዱ ውጭ በኩል ያለች ትንሽ ማይክ የአካባቢውን ድምፅ ትቀበላለች፤ ቺፑ የዚያን ሞገድ ግልባጭ ሠርቶ በድምፅ ማጉያው ይለቃል። ዋናው ሞገድ ሽቅብ ሲወጣ ግልባጩ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሁለቱ ጆሮ ውስጥ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። ደህና የሚባሉት ኢርበዶች ወደ ጆሮ የምትመለከት ሌላ ማይክ ስላላቸው የተረፈውን ድምፅ ሰምተው ያርማሉ። ሐሳቡ አሮጌ ነው፤ ጀርመናዊው ፓውል ሉግ እ.ኤ.አ. በ1936 በአሜሪካ የፈጠራ መብት አግኝቶበታል።

ፈተናው ፍጥነት ነው። 100 ኸርዝ ያለው፣ ማለትም በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚርገበገበው፣ የሞተር ጉምጉምታ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 3.4 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ግልባጩ ትንሽ ቢዘገይም ከዋናው ጋር መግጠሙ አይቀርም። በ5000 ኸርዝ ግን ሞገዱ 7 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ ጥቂት ከተዛነፈ ማጥፋቱ ቀርቶ ጭራሽ ይጨምርበታል። ስለዚህ ከ1000 ኸርዝ አካባቢ ጀምሮ ቺፑ እየደከመ ይሄዳል፣ ከዚያ በላይ ያለውን የሚከለክለው ጆሮን የደፈነው የኢርበዱ ጫፍ ጎማ ነው።

ይህን ከያዛችሁ የምትጠብቁትን ታውቃላችሁ። የአውሮፕላን ሞተር፣ የአውቶቡስ ጉርምርምታ፣ የቬንቲሌተርና የጄኔሬተር ድምፅ በጣም ይቀንሳል፤ በዚህ በኩል ጥሩ ኢርበድ 20 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ ሲቀንስ የድምፁ ግፊት ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል ማለት ነው። የሰው ንግግር ሌላ ነገር ነው። የድምፁ ወፍራም ክፍል ይቀንሳል፤ «ሰ»ን ከ«ሸ»፣ «ተ»ን ከ«ፈ» የምንለይበት ቀጭኑ ክፍል ግን ብዙ ሺህ ኸርዝ ላይ ስለሆነ ያልፋል። ንግግሩ የሳሳና የራቀ ይመስላል እንጂ አይጠፋም። እንዲያውም ንግግሩን ሸፍኖት የነበረው ጉምጉምታ ስለተነሳ፣ የጎረቤት ወሬ ከበፊቱ ይልቅ ጥርት ብሎ የሚሰማበት ጊዜ አለ። ድንገተኛ ድምፅም፣ ለምሳሌ ጭብጨባ፣ የሳህን ኳኳታ፣ የበር ድብደባ፣ ያመልጠዋል።

ለዚህ ነው በእኔ እምነት ከሣጥኑ ውስጥ ትልቁ ዕቃ ያቺ የሲሊከን ጎማ የምትሆነው። ሰዎች ስለ ቺፕ ትውልድ ይከራከሩና ፋብሪካው የገጠመውን መካከለኛ ጎማ ሳይቀይሩ ዓመት ይጠቀማሉ። በጎማውና በጆሮው መካከል የፀጉር ያህል ክፍተት ካለ መጀመሪያ የሚያመልጠው ቤዙ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ፣ ነው፤ ኤኤንሲ የሚሠራውም እዚያው ዝቅተኛ ድምፅ ላይ ስለሆነ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ለመፈተሽ ኤኤንሲውን አጥፉና ቤዙ የጎላ ሙዚቃ ክፈቱ። ሁለቱንም ኢርበድ በጣት ቀስ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ጫን በሉ። ስትጫኑ ቤዙ ከጎለበተ፣ ስትለቁ ደግሞ ከሳሳ፣ ጎማው አንሷችኋል ወይም በደንብ አልገባም። አንድ ቁጥር ከፍ አድርጋችሁ ድገሙት። ከመጠን በላይ የተለቀም አይበጅም፤ ይታጠፍና በእጥፋቱ በኩል ያፈሳል፣ ወይም እየተንሸራተተ ይወጣል። የግራና የቀኝ ጆሮ ቀዳዳ እኩል ላይሆን ስለሚችል ሁለት የተለያየ ቁጥር ማድረግ ምንም ነውር የለውም።

አገባቡም ዘዴ አለው። በተቃራኒው እጅ የጆሮን የላይኛውን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጉ፤ ቀዳዳው ይቃናል። ኢርበዱን አስገብታችሁ ጥቂት አዙሩት፣ ከዚያ ጆሮውን ልቀቁ። ማኘክና ማዛጋት ቀዳዳውን ስለሚለጥጠው እየበላችሁ ስትሰሙ ጉምጉምታው መለስ ቢል አትደነቁ። ሲሊከኑ በምንም ቁጥር እምቢ ካለ የስፖንጅ ጎማ ሞክሩ፤ በጣት ተጨምቆ ይገባና ውስጥ ሆኖ ያብጣል። ቶሎ ያልቃል፣ ላብም ይመጣል፣ ቀጭን ድምፅ በመከልከል ግን ብዙውን ጊዜ ይበልጣል።

ኤኤንሲው ሲበራ አንዳንድ ሰው ከፍታ ላይ እንደወጣ ጆሮው የተደፈነ ይመስለዋል። የአየር ግፊቱ አልተለወጠም፤ ዝቅተኛው ድምፅ በድንገት ሲጠፋ አንጎል የሚሰጠው ትርጉም ነው። ካልለመዳችሁት መተግበሪያው ውስጥ የማፈኛውን ኃይል ዝቅ አድርጉ። የራስ ድምፅና የእርምጃ ኮቴ ከውስጥ ዱም ዱም ማለቱ ደግሞ ከቺፑ ሳይሆን ጆሮ ከመደፈኑ የሚመጣ ነው፤ ውጭውን የሚያሰማው ሁነታ ያቀለዋል። ነፋስ ግን የኤኤንሲ ጠላት ነው፤ የውጭዋን ማይክ በቀጥታ ይመታትና የሚሰማችሁ ሹክሹክታ የኢርበዱ ራሱ ሥራ ይሆናል። ነፋስ መቀነሻ ሁነታ ከሌለው ማጥፋት ይሻላል።

ሣጥኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በጥንቃቄ አንብቡ። ኢኤንሲ (ENC) የሚለው ኤኤንሲ ከሚለው በአንድ ፊደል ቢለይም ሥራቸው ለየቅል ነው። ኢኤንሲ ስትደውሉ በማይካችሁ በኩል የሚገባውን ጫጫታ ያጸዳል፤ የሚጠቅመው በስልኩ ማዶ ያለውን ሰው ነው። ርካሽ ኢርበድ «ድምፅ ያፍናል» ተብሎ በዚህ ስም ይሸጥና ገዢው ጆሮው ላይ ለውጥ ሲያጣ ተታለልኩ ይላል። አይፒኤክስ4 (IPX4) ማለት ደግሞ ላብና ፍንጣቂ ይችላል ማለት ነው፣ ውኃ ውስጥ ይገባል ማለት አይደለም፤ ማስቀመጫው ኬዝ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያንንም አይችልም።

በኮምፒውተር ስብሰባ ላይ ሙዚቃው በድንገት እንደ አሮጌ ስልክ ድምፅ ከሆነባችሁ፣ ምክንያቱ ብሉቱዝ የኢርበዱን ማይክ ሲከፍት ወደ ጥሪ ሁነታ ስለሚዞር ነው። በድምፅ ቅንብሩ ውስጥ ማይኩን የኮምፒውተሩን፣ ማዳመጫውን ኢርበዱን አድርጋችሁ ምረጡ፤ የድምፁ ጥራት ይመለሳል። ጌም ላይ ተኩሱ ከምስሉ ዘግይቶ መሰማቱም የብሉቱዝ ጠባይ ነው፤ ቪዲዮ ማጫወቻ ምስሉን አዘግይቶ ያስተካክለዋል፣ ጌም ግን አይችልም።

አንዱ ጆሮ ቀስ በቀስ ሲደክም ወይም ኤኤንሲው በአንድ ወገን ሲያንስ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ ኩክ ነው። ጎማውን አውልቁና ለብቻው በለብ ያለ ውኃ እጠቡ፤ ከመመለሳችሁ በፊት ጨርሶ ይድረቅ። የኢርበዱን ወንፊት ወደ ታች ደፍታችሁ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ፤ ወደ ላይ አድርጋችሁ ከጠረጋችሁት ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይገባል። መርፌም ሆነ ፈሳሽ ወደ ወንፊቱ አታስጠጉ። የማይኮቹን ቀዳዳዎችም አትርሱ፤ የተደፈነች ማይክ የምትሰማው ስህተት ነው፣ ቺፑም ስህተቱን ይገለብጣል። አንዱ ቻርጅ አልይዝ ካለ በኬዙና በኢርበዱ ላይ ያሉትን የብረት ነጥቦች በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። እጅ ውስጥ ሲታፈን ማፏጨቱ ያለ ነው፤ ጆሮ ውስጥ ሆኖ ካፏጨ ግን ጎማው አየር እያስገባ ነው።

«30 ሰዓት» የሚለው የባትሪ ቁጥር ከኬዙ ጋር ተደምሮ ነው። በአንድ ቻርጅ ኤኤንሲ በርቶ ከ5 እስከ 8 ሰዓት ከሰጠ ጥሩ ነው። እነዚህ ትንንሽ የሊቲየም ባትሪዎች በሙጫ ስለሚታሸጉ ሲደክሙ መቀየሩ ከባድ ነው፤ ሙቀት ደግሞ ያስረጃቸዋል፣ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዋቸው።

ትልቁን ጥቅም ወደ መጨረሻ ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው። ጫጫታ ውስጥ ድምፅ የምንጨምረው ጫጫታውን ለማሸነፍ ነው፣ ይህም ጆሮን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው ወሰን በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል፣ 83 ላይ 20 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ ኤኤንሲውን አስቀድማችሁ አብሩ፣ ሙዚቃውንም ከዝቅተኛው ጀምራችሁ ቃሉ እስኪለይ ድረስ ብቻ ከፍ አድርጉ። ቀድማችሁ ጨምራችሁት ከነበረ ኤኤንሲው ቢበራም ቁጥሩ በራሱ አይወርድም፤ በእጃችሁ ዝቅ አድርጉት።