ከወረቀት ወደ እናት ደረት

የደሴ ብርድ ቀልድ አያውቅም። ያለጊዜው ለተወለደ ሕፃን ደግሞ ሙቀት ማጣት የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። በምሠራበት የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ልማዳችን ሕፃኑን ማሞቂያ ላይ አቆይቶ፣ ሲረጋጋ ለእናቱ መስጠት ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት ያስተባበረውን፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውን፣ ሕፃኑን ገላ ለገላ እናቱ ደረት ላይ ስለማቆየት (የካንጋሮ እንክብካቤ) የሚናገር ጥናት በሂናሪ፣ ማለትም የሕክምና መጽሔቶችን ለታዳጊ አገሮች በሚያቀርበው የድርጅቱ የኢንተርኔት አገልግሎት፣ አግኝቼ አነበብኩት። የተሠራው በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ነው። ሕፃናቱ ሲወለዱ 1 ኪሎ የሞሉ፣ ግን 1.8 ኪሎ ያልሞሉ ናቸው። እንደተወለዱ እናታቸው ደረት ላይ ከዋሉት በ28 ቀን ውስጥ የሞቱት 12 በመቶ ሲሆኑ፣ እስኪረጋጉ ከተጠበቁት 15.7 በመቶ ሞተዋል። ይህ ልዩነት ለእኔ ብዙ ነው።

ደጋግሜ ያነበብኩት ግን አሠራሩን ነው። ጥናቱ በተሠራባቸው ሆስፒታሎች የእናትየዋ አልጋ ከሕፃኑ ጋር እዚያው ክፍል ነው። እኛ ጋ እናት አጥብታ ትወጣለች። መመሪያ አትሞ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ብቻውን የትም አያደርስም። ስለዚህ ኃላፊያችንን የጠየቅኳት ለእናት የሚሆን ቦታ ነበር። ማሞቂያዎቹን ጠጋ ጠጋ አድርገን መደገፊያ ያላቸው ወንበሮች አስገባን።

ከዚያ አያቶች መጡ። የአንዷ ሕፃን አያት፣ «ሲስተር፣ አራስ ደረቷን ገልጣ? ብርድ ሊመታት ነው!» አሉኝ። «አብሽሩ እማማ» ብዬ አጠገቤ አስቀመጥኳቸው። ሕፃኗን በዳይፐርና በኮፍያ ብቻ እናቷ ደረት ላይ አደረግናት። አንገቷ እንዳይታጠፍ ፊቷን ወደ ጎን መለስን፤ በነጠላ ጠበቅ አድርገን ጋቢ ደረብን። የብብቷ ሙቀት 36.1 ዲግሪ ነበር። ቆይተን ስንለካ 36.8 ሆነ። እማማ አጠገቤ ሆነው አዩት። ማታ እናትየዋ ልትታጠብ ስትነሳ «ለእኔ ስጡኝ» ያሉት እሳቸው ናቸው።

ለሚጀምር ባልደረባ የምለው፣ ሰዓቱን መዝግቡ። የድርጅቱ ምክር በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ነው፤ እኛ ጋ ግን ማታ ማታ ይቋረጥ ነበር። የሙቀት መመዝገቢያው ላይ «ደረት ላይ የቆየችበት ሰዓት» የሚል ዓምድ ጨመርን። በርክክብ ጊዜ ተረካቢዋ ስለምትጠይቅ ማንም ችላ አይለውም።

የቀሩን አባቶች ናቸው። ብዙዎቹ ሕፃኑን ደረታቸው ላይ በተራ ለመያዝ ፈቃደኛ ናቸው፤ ግን ክፍሉ ውስጥ የሚያጠቡ እናቶች አሉ። መጋረጃ እየተሰፋ ነው።