ያልተያዘችው ቃሪያ

ዛሬ የሰማሁት ጥያቄ ከጆሮዬ አልወጣም፦ «ሁለት የቃሪያ ችግኞች ጎን ለጎን ናቸው። ያው ክሽክሽ ሁለቱንም መጧል። አንዷ ተዥጎርጉራ ሌላዋ እንዴት ለምለም ሆነች? መከላከያዋ ጠንክሮ ነው?»

ላይሆን ይችላል። ምናልባት ክሽክሹ ያስተላለፈው ቫይረስ የሚፈልገውን ዕቃ አላገኘም።

ቃሪያንም የሚያጠቃው ድንች ዋይ የሚባለው ቫይረስ ሙሉ ዘረ-መሉ 9,700 ፊደል ገደማ ነው። የራሱ ራይቦዞም (የሕዋስ ፕሮቲን መሥሪያ) የለውም። ስለዚህ በአርኤንኤው (ዘረ-መሉ በተጻፈበት ክር) አንድ ጫፍ ላይ ቪፒጂ የተባለ ፕሮቲን ለጥፎ ይመጣና በእሱ ኢአይኤፍ4ኢ የተባለውን የተክሉን ፕሮቲን ይጨብጣል። ይህ ኢአይኤፍ4ኢ ደግሞ በደህናው ቀን የተክሉን መልእክተኛ አርኤንኤ (የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያ) ጫፉን ይዞ ወደ ራይቦዞም የሚያስገባ ሠራተኛ ነው። (በሰው ቤት የሰው ሠራተኛ ማዘዝ ይሏል ይሄ ነው!)

በአንዳንድ ቃሪያዎች ይህ ፕሮቲን ከተሠራባቸው አሚኖ አሲዶች ጥቂቶቹ ተቀይረዋል፤ ቪፒጂ መጨበጫ ያጣል። ተክሏ ግን አትጎዳም፤ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ወንድም ፕሮቲን አላት።

አዳቃዮችን የሚያታልላቸው እዚህ ላይ ነው። የመቋቋም ባሕርይው ድብቅ ስለሆነ (ከሁለቱም ወላጆች ካልተወረሰ አይታይም) ከተጋላጭ ዝርያ ጋር ሲዳቀል የመጀመሪያው ትውልድ በሙሉ ይታመማል። ብዙዎች «አልሠራም» ብለው የሚጥሉት ያኔ ነው። ያንን የመጀመሪያ ትውልድ ራሱን በራሱ አዳቅለው ቢጠብቁ በሁለተኛው ትውልድ ከአራት አንዱ ገደማ ይቋቋማል።

ሁልጊዜ ግን አይበቃም። የቃሪያ ቬይናል ሞትል የተባለ ሌላ ቫይረስ በወንድሙም ፕሮቲን መጠቀም ስለሚችል የሁለቱም ፕሮቲኖች ዘረ-መሎች መቀየር አለባቸው። ድንች ዋይም ቢሆን ቪፒጂውን ትንሽ ለውጦ የተቀየረውን ፕሮቲን መጨበጥ የሚማርበት ጊዜ አለ።